ከቴምር ሥር የበቀለ የሁዳዴ ጎመን

አለሚቱ ሳውዲ ዓረቢያ ውስጥ፣ ከደማም ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የቴምር እርሻ ላይ ባባ መሐመድሰዒድ የሚባሉ ሽማግሌ ትጦር ነበር። እርሻውን ያቀኑት ጉድጓዱን በእጃቸው የቆፈሩት የባባ አያት ናቸው። ያኔ ውሃው ራሱ እየገነፈለ ይወጣ ነበር። ኋላ ውሃው ራቀ፤ ወንድሞቻቸውም ወደ ነዳጅ ሥራ ሄዱ። የባባ ባለቤት ብቻ እስኪሞቱ ድረስ ከቴምሩ ሥር አትክልት ያለሙ ነበር። ከእሳቸው በኋላ መሬቱ ባዶውን ቀረ።

ባዶ መሬት ማየት የማይሆንላት አለሚቱ በ2008 ዓ.ም. ባባን አስፈቀደችና በቅርቡ ባለው ኾባር ከተማ በየቤቱ ተቀጥረው የሚሠሩ አሥራ አንድ ሴቶችን አስተባበረች። ውላቸው ቀላልና ግሩም ነው፤ አንዷ ዘር ከጎጃም ታስመጣለች፣ ሌሎቹ በዕረፍት ቀናቸው እየመጡ ይቆፍራሉ፣ ፍግ ይበትናሉ። ምርቱን እኩል ይካፈላሉ፤ ከጠፋም እኩል ያጣሉ። ሁሉም የሚመኙት ለሁዳዴ ጾም የሚደርስ የሐበሻ ጎመን ነው።

ሰኔ ሲገባ አለሚቱ ዘሩን አወጣች። ሰኔ እኮ ነው! አገር ቤት በሰኔ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ገበሬ የት አለ? አሥራ አንዱም በአንድ ቃል "ዝሪው" አሏት። ፀሐይ እንዲያገኝ ብላ ገላጣው ላይ ዘራችው። ቡቃያው ብቅ ባለ በሳምንቱ እንደ ትምባሆ ደርቆ ተኮማተረ።

ከአሥራ አንዱ አንዷ፣ ዐቅረቢያ በሚባለው የኾባር ሰፈር የምትሠራው ቀልደኛ ሙኒት ጎንበስ ብላ አየችና፣ "አለምዬ፣ አብስለሽ ልትሰጪን ነው እንዴ?" አለች።

ሴቶቹ ሳቁ። አለሚቱ አልሳቀችም። የቀረው ዘር አንድ የክብሪት ቀፎ አይሞላም፤ ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው ደግሞ እስከ ፋሲካ የለም።

ባባ በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። "በዚህ ሙቀት ዘር የሚያቃጥለው ማነው?"

"ባባ፣ በአገራችን አሁን ክረምት ነው።"

"ታዲያ ዝናቡንም ይዘሽው መጥተሻል?"

"ማፊ፣ ባባ፤ ዝናብ የለም።"

"እንግዲያ ኸላስ፣ በቃ! ቴምሩ ተለቅሞ ይለቅ። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉ ላይ ጤዛ ስታዪ፣ ያኔ እኔን የመሰለ ሽማግሌ ዛፍ ፈልገሽ ከሥሩ ዝሪ።"

እንዴት ያለ ብልሃት ነው! ረጅሙ ቴምር ፀሐዩን ያጣራል፣ የአሸዋውን ነፋስ ይሰብራል፤ ለእሱ የሚለቀቀው ውሃም ለጎመኑ ይተርፋል። የባባ ባለቤት ያን ሁሉ ዘመን ያለሙት እንዲህ ነበር።

አለሚቱ ጠበቀች። ለገበሬ ልጅ ክረምትን ያለ ዘር ማሳለፍ ቀላል አይደለም። በጥቅምት መጨረሻ ጤዛውን አየች፤ ያቺኑ ዘር ቆንጠር እያደረገች ከቴምሩ ሥር ዘራች።

የካቲት ላይ ሁዳዴ ሲያዝ ከነአለሚቱ ድርሻ አሥራ ሁለት ትልልቅ እስር ጎመን ተሰለፈ። ሙኒት የራሷን ታቅፋ ዞር ስትል፣ ከሁሉ የደለቡ አሥር እግሮች ሳይቆረጡ ቆመው አየች።

"እነዚህንስ ለማን ደብቀሻቸው ነው?"

"አይነኩም። አበባ አውጥተው ዘር ይይዛሉ።"

"አንድ ቅጠል ብቻ፣ በሞቴ!"

"አንዲትም!"

ሙኒት አጉረመረመች። ከዚያ እስሯን አስቀምጣ አጥሩ ጥግ የተጣለ አሮጌ የዓሣ መረብ ጎትታ አመጣችና፣ ወፍ እንዳይለቅማቸው አሥሩንም አለበሰቻቸው።