የክረምት ዱቄትና የአጥቂያችን ጉልበት

ኳስ እየተጫወትኩ ዱቄት በልቻለሁ። ልጆቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። በእኔ ቤት ኳስ ከትምህርት በኋላ፣ ትምህርትም ከጸሎት በኋላ ስለሆነ፣ አባታቸው ቁምጣ ታጥቆ ሜዳ ላይ ሲሯሯጥ ሊታያቸው አይችልም። ግን ሮጫለሁ። ያውም በጣሊያን ጊዜ፣ ያውም ለጣሊያን።

እውነቱን ከመጀመሪያው ልናገር፤ እኔ አርበኛ አልነበርኩም። እኩዮቼ በየጫካው ሲዋደቁ፣ እኔ ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምንለው ቦታ በነበረው የመንገድ ሥራ ካምፕ የድንጋይ ፈላጮች ካቦ ነበርኩ። ልጅ ሳለሁ ዳዊት ደግሜያለሁ፤ ከዚያ በላይ ያስተማረኝ ሰው የለም። የጣሊያንን ፊደል የለየሁት ከዱቄት ጆንያ ላይ ነው። ቋንቋውንም ከስድቡ ጀምሬ ቀስ በቀስ ወደ ደህናው ቃል ወጣሁ። በዚህ ምክንያት ካቦም አስተርጓሚም ሆንኩ። ትንሽ ያወቀ ሰው ብዙ ያወቀ ይመስለዋል፤ እኔም መሰለኝ።

የመንገዱን ሥራ በኮንትራት የያዘው ጣሊያን ወፍራምና ሳቂታ ሰውዬ ነበር። የቡሬ ምሽግ ሹማምንት የኳስ ቡድን ነበራቸው። በእነሱ መሸነፍ ይህን ሰው እንደ ጥርስ ሕመም እንቅልፍ ይነሳው ነበር። ስለዚህ ከሠራተኞቹ መካከል ሯጭ ሯጩን መርጦ ቡድን አቆመ፤ እኔን አለቃ አደረገኝ። በሳምንት ሁለት ከሰዓት ከድንጋይ ፈለጣ ነፃ እንሆናለን፤ ከቀን ደመወዛችን ሌላ በየወሩ ዱቄት ይሰፈርልናል። ኳስ መጫወት እንጀራ ሆነን ማለት ነው።

ጨዋታው ከመስቀል እስከ ግንቦት ነበር። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ ሥራው ይቆማል፣ ሰዉም ወደ እርሻው ይበተናል። ሰውዬው ግን የቡሬዎቹ ተጫዋቾቹን እንዳያባብሉበት ስለፈራ፣ ክረምቱንም ግማሽ ዱቄት እንደሚሰጠን ነገረን። ውሉ በሙሉ ይኸው ነበር፤ አትጥፉብኝ፣ መስቀል ሲጠባ እንዳገኛችሁ።

ያ ዱቄት ቀላል ነገር አልነበረም። ሐምሌና ነሐሴ የገበሬ ጎተራ የሚራቆትበት ጊዜ ነው። የሰፈሩ ሰው ጆንያ ተሸክመን ስናልፍ «የዱቄት አርበኞች መጡ» ይለን ነበር። ያለው እውነት ነበር፤ እኛም ቤት ገብተን እንበላለን።

ከሁላችን የሚበልጠው አጥቂያችን ነበር። በቡሬ በኩል ከሚኖሩ የአዊ ቤተሰቦች የመጣ ነው፤ ከእናቱ ጋር በአዊኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራል፣ ሲናደድ ሁለቱንም ይቀላቅላል። ከእኔ አምስት ዓመት ቢያንስ ነው፤ «አያ» እያለ ይጠራኛል፣ በዚያው አፉ ይቀልድብኛል። እናቱ ባላቸው የሞተባቸው ናቸው። ያላቸው አንድ በሬ ብቻ ስለሆነ ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጁ ያርሱ ነበር። አራሹ እሱ፣ ዱቄት አምጪውም እሱ።

እንግዲህ የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ይጀምራል። ሳይሠሩ መብላት ነውር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬም አምናለሁ። ግማሽ ዱቄት ተቀብለን እግራችንን ዘርግተን መስቀልን መጠበቅ አላስቻለኝም። ልምምድ እናድርግ ብዬ አዘዝኩ። በአዘቦት ቀን ሁሉም ሞፈር ጨብጧል፤ የቀረው በዓል ነው። ካህናቱ በበዓል ማረስን እንጂ መሮጥን አልከለከሉም ብዬ ለራሴ ፈረድኩና በየበዓሉ ከቅዳሴ በኋላ ከካምፑ ጀርባ ካለው ተዳፋት ላይ ሰበሰብኳቸው። ልምምዱም የራሴ ፈጠራ ነበር፤ አንዱ ሌላውን በጀርባው አዝሎ ዳገቱን ይወጣል።

ለአጥቂያችን የደረሰው በረኛው ነበር። በረኛው ደግሞ ብቻውን የሁለት ሰው ክብደት አለው።

አጥቂያችን ትንፋሹ እየተቆራረጠ «አያ፣ የተቀጠርኩት ጎል ላገባ ነው ወይስ በረኛ ላሳድግ?» አለኝ።

ወሬ የሰነፍ ነው ብዬ ድገም አልኩት። የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ነበር። ሦስተኛውን ዙር ሲወጣ እግሩ ከጭቃው ላይ ከዳውና ጉልበቱ ወደማይታጠፍበት ታጠፈ፤ በረኛው ከነክብደቱ ላዩ ላይ ወደቀበት። ወጌሻ መጣ፤ ጎትቶ፣ አሽቶ፣ በሸንበቆ አሰረው። እስከ መስቀል እንዳትረግጥበት አለው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ ሄደ።

በማግሥቱ ሰውዬው ሊጠይቀው መጣ። የሰፈሩ ቄስም እዚያው ነበሩ። ሰውዬው በጣሊያንኛ እኔን ጠየቀኝ፤ ይህ ሰው ታዞ ሲለማመድ ነው የተጎዳው ወይስ በበዓል ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት? ታዞ ከሆነ የእኔ ሠራተኛ ነውና ዱቄቱ አይቋረጥም። ለራሱ ሲጫወት ከሆነ ግን፣ በሠርግ ሲጨፍር ወገቡን የተሰበረውን ሁሉ እኔ ልቀልብ ነው?

ጥያቄውን ከእኔ በቀር የሰማው የለም። አጥቂያችን ተጋድሞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ታዞ ነው ካልኩ አዛዡ እኔ ነኝ። ሥራ ነበር ካልኩ ደግሞ በገብርኤል ዕለት ሰው ሁሉ ይዤ በዓል ሽሬያለሁ፤ ቄሱ አጠገቤ ቆመዋል። ወደ ማንም ሳልዞር «ጨዋታ ነበር ጌታዬ» አልኩት። ቄሱ ሰውዬው ምን እንዳለ ሲጠይቁኝ፣ እግዚአብሔር ይማርህ ይላል አልኳቸው። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ውሸት ዋሸሁ። ልጆቼን ስለ ውሸት በተቆጣሁ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለኛል፤ ቁጣዬን ግን አላቀዘቀዘውም።

ዱቄቱ ቆመ።

ሳምንት ሳይሞላ እናቱ ወደ እኔ መጡ። ሊወቅሱኝ ነው ብዬ ተነሳሁ፤ እሳቸው ግን ሊለምኑኝ ነበር የመጡት። ጎረቤታቸው በሬውን ለማቀናጀት የሰጣቸው ቀን ደርሷል፣ የጤፉ ማሳ አልታረሰም፣ ቤት ውስጥ ያለው እህል ደግሞ ከዘሩ በቀር አልቋል። ዘሩን እንብላው ወይስ እንዝራው ብለው ተጨንቀዋል።

«ልጄ፣ አንተ የጣሊያኖቹን አፍ ታውቃለህ፤ ስለ ዱቄቱ ለምንልን» አሉኝ። «እሱ ታዝዤ ነበር ይለኛል። ታሞ ነው የሚቀባጥር ብዬ ተውኩት። አንተ ያልሆነውን እንደማትናገር ሰው ሁሉ ይመሰክርልሃል።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በዚያው ቀን ወደ ሽማግሌዎች ሄጄ እንዲቀመጡልን ለመንኩ።

ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ተቀመጡ። ጣሊያኑም የሚታጠፍ ወንበሩን ይዞ መጣ፤ ነገሩ እንደ ጨዋታ ሳይጥመው አልቀረም። እኔ ተነሳሁና ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ሲጠየቅም የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። በአማርኛ ተናግሬ በጣሊያንኛ ደገምኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነበር።

ቄሱ «በገብርኤል?» አሉ።

ያን ጊዜ ተጫዋቾቹ ንስሐው ታያቸው። በረኛው ከሁሉ ቀድሞ ኧረ አባታችን ጨዋታ ነበር፣ እንዲያው ስንቦርቅ ነው አለ። ሌሎቹም ተከተሉት። ይህንን ስተረጉምለት ጣሊያኑ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ጨዋታ ከሆነማ ዱቄት የለም። ተጣበቅን። ሥራ ነው ካልን በዓል ሽረናል፤ ጨዋታ ነው ካልን አጥቂያችን ጦሙን ያድራል። እሱ በቃሬዛ ላይ ሆኖ ስለ ጉልበቱ የሚከራከሩትን በየተራ ያያል።

ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው ሳቅ አሉና ወደ ጣሊያኑ ዞሩ። የሰው በሬ በእህል ተከራይተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቁት። አላውቅም አለ።

«እንግዲያው ተከራዩ እንበል» አሉ ሽማግሌው። «ክረምት ገባ፣ ማሳዎ ውሃ ተኛበት፣ በሬውን አልጠመዱትም። ሳር ግን ያበሉታል። ለምን ያበሉታል? ለቁንጅናው ነው?»

ጣሊያኑ ሌላ ሰው እንዳይወስድብኝ ነዋ አለ።

«ታዲያ በሬው በእጅዎ ነው። የተጠመደ ዕለትም ያልተጠመደ ዕለትም በእጅዎ ነው። ገደል ቢገባ ለባለቤቱ ‹ሲቦርቅ ነው› ብለው ያመልጣሉ?»

ከዚህ ላይ አንዲት ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ከዚያ ሽማግሌው ወደ ቄሱ ዞሩና፣ በሬ በበዓል አይጠመድም፣ አጥፍቶ የጠመደው ገበሬ ይቀጣ፣ በሬው ግን ሳሩን ይብላ አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ገበሬ ሆኜ አላውቅም።

ፍርዱ ይህ ነበር፤ ጣሊያኑ ዱቄቱን እስከ መስቀል ይስጥ፣ እኔ በቄሱ ፊት አርባ ስግደት ልስገድ፣ የአጥቂያችንንም ማሳ በዚህ ክረምት እኔ ልረስለት። ጣሊያኑ ተስማማ። ስለ ፍትሕ ብሎ ነው ብዬ አልዋሽም፤ እምቢ ቢል ተጫዋቹ ሁሉ በማግሥቱ ወደ ቡሬ እንደሚያቀና ስለገባው ነው። እንዲያውም ከእንግዲህ በክረምት ልምምድ የሚጎዳ ማንም ቢሆን ዱቄቱ አይቋረጥበትም ብሎ አጻፈኝ። ያን ወረቀት በሁለት ቋንቋ ስጽፍ ፊደሌ እንደዚያ አምሮ አያውቅም።

መልካም ሕግ በወጣ ማግሥት መጀመሪያ የሚያንኳኳው ሸፋጭ ነው። ሰኞ ዕለት ሦስት ተጫዋቾች እያነከሱ መጡ፤ አንዱ በረኛው ነበር። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ከአንድ ውሸት ገና መውጣቴ ነው፤ ሌላውን ውሸታም ለማለት አፌ አልደፈረም። አጥቂያችን ግን ወደ እሱ እንድልካቸው ነገረኝ። ደጃፉ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ በየተራ አስኬዳቸው። ሁለቱ ሲሄዱ በቀኝ፣ ሲመለሱ በግራ አነከሱ። በረኛው ግን ብልህ ነበርና እግሩን አልሳተም። አጥቂያችን በጣም አዘነለት፣ ቁጭ በል አለው፣ ከዚያ ከጀርባው የደበቀውን ኳስ ድንገት ከፍ አድርጎ ወረወረው። በረኛው በሁለት እግሩ ተነሥቶ፣ እንደ ድመት ተወርውሮ ጨበጠው።

«ገብርኤል ማረው» አለ አጥቂያችን። «ዱቄቱ ለእኔ ይጨመር።»

አልተጨመረለትም፤ ግን ከዚያ ወዲያ ያነከሰ የለም።

ስግደቱ በሁለት ቀን አለቀ። እርሻው ግን ነሐሴን ሙሉ በላኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከመጽሐፍና ከድንጋይ እንጂ ከሞፈር ጋር አልተስማማሁም። አጥቂያችን ገሳውን ደርቦ ከማሳው ዳር ይቀመጥና በሬዎቹን በስማቸው እየጠራ ያጽናናቸዋል። እኔንም ያዝዘኛል፤ ጫን በል፣ ቀና በል፣ አያ ፈር ነው ወይስ የእባብ መንገድ? በአገሩ የዱቄት አርበኛ የሚሉን ሰዎች እንኳ መንገዳቸውን አዙረው ሊያዩኝ ይመጡ ነበር። አንድ ቀን ማረሻው ድንጋይ ላይ ተቀርቅሮ ስታገል፣ እናቱ ጠላ ይዘው መጡና ከማሳው ዳር ቆመው አዩኝ። ልጃቸው የተጎዳው በእኔ ትእዛዝ እንደሆነ በሽማግሌ ፊት ተናግሬያለሁና ያውቃሉ። ጠላውን ሰጡኝ። ጠጣሁ።

ጤፉ በቀለ። ጠማማም ቢሆን በቀለ። ዘሩም ከመበላት ዳነ።

መስቀል ሲጠባ አጥቂያችን ያለ ምርኩዝ ቆመ። ሜዳ ላይ ወጥቶ ትንሽ ሞከረ፤ ጉልበቱ ግን ወደ አንድ ወገን እየሸሸ አላስሮጠው አለ። ሌላ አጥቂ ተተካ። የክረምቱ ዱቄት ለክረምቱ ነበርና በወረቀቱ መሠረት ቆመ። ማንም ሕግ አላፈረሰም። እኔው በሁለት ቋንቋ አሳምሬ የጻፍኩት ሕግ፣ ዳግም መሮጥ ላልቻለ ሰው አንድ መስመር እንኳ አልነበረውም፤ ስጽፈው አልታሰበኝም።

የሚቀጥለው ክረምት መጣ። አላረስኩለትም። አረስኩለት ብዬ ብጽፍ ልጆቼ ደስ ይላቸው ነበር። ፍርዱ ለአንድ ክረምት ነው፣ የራሴም ሥራ አለብኝ ብዬ ተውኩት። ሁለቱም እውነት ነው። የእሱ ጉልበት ግን የተጎዳው ለአንድ ክረምት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በቡሬ ገበያ አገኘሁት። በርበሬ ዘርግቶ ይሸጣል፤ ዙሪያውን ሴቶች ከበው ይከራከሩታል። ሳየው ስላላረስኩለት ክረምት መዘብዘብ ጀመርኩ፤ ሥራው፣ ዝናቡ፣ የልጅ መታመም። እጁን አነሣና አስቆመኝ።

«ተወው አያ። ያንተን ፈር ካየሁ ወዲህ፣ በአንድ እግሬም ቢሆን ራሴ ማረስ ይሻለኛል ብያለሁ።»

ገበያተኛው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በርበሬዬን ሰፈረልኝና ከላዩ አንድ እፍኝ ምራቂ ጨመረበት። አይገባኝም ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ቀጥሎ የምትገዛዋ ሴት ግን ገፋ አድርጋኝ ገባች፣ እሱም ወደ እሷ ዞሮ ዋጋ መጥራት ጀመረ። ምራቂውን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።