የሲኞራ ጉሎ

ወሬውን የሰማሁት እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ ወጥቼ፣ ጠበል ጸዲቄን በነጠላዬ ጫፍ እንደያዝኩ። ስልኬን ስከፍት የሕንፃችን ዘበኛ ሴትዮ ትጮኻለች። «አስካለ፣ ካራቢኒየሪ ፖሊሶች እቤታችሁ ናቸው! ለበረንዳው ነው የመጡት!» ለበረንዳው ከመጡ ለእኔም መጥተዋል።

ሮም እንደገባሁ ሰላም ፓላስ በሚሉት የስደተኞች ሕንፃ የአገሬ ልጆች ጥግ ሰጥተውኝ፣ ከፍራሽ ፍራሽ ስዘዋወር ከርሜ ነው ፒኜቶ ሰፈር ሲኞራ ክላራ ቤት የተቀጠርኩት። ብቸኛ አሮጊት ናቸው። ቁርጥማት ጣቶቻቸውን አጣሞባቸው ማንኪያ እንኳ የማስይዛቸው እኔ ነኝ። በረንዳቸው ላይ ቅጠሉ እንደ መዳፍ የተዘረጋ ተክል አይቼ፣ እነዚህም ጉሎ ይተክላሉ ለካ ብዬ ደስ አለኝ። የእናቴ ጓሮ ትዝ እያለኝ ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ውኃ አጠጣዋለሁ፤ ፍሬው ሲደርስ ወቅጬ ዘይት ላወጣ ሁሉ አስቤ ነበር። አንድ ቀን ታናሽ እህቴ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ አየችውና «እትዬ፣ ይሄ እኮ ካናቢስ ነው! አንቺ ጾመኛዋ!» ብላ ሳቀችብኝ።

ሲኞራን ስጠይቃቸው አልደበቁኝም። ሐኪም አዝዞላቸው ፋርማቺያው «አልቋል፣ በሌላ ሳምንት» እያለ ሲያመላልሳቸው ነው የተከሉት። በዘይት ዘፍዝፈው ጠብታውን ሲወስዱ ሳያቃስቱ ያድራሉ። የነፍስ አባቴን ባማክር «አደንዛዥ ዕፅ?» ብለው አማተቡ። ስለ ሲኞራ ጣቶች ስነግራቸው ግን «አትቅመሺ፣ አትሽጪ፤ በሽተኛዋን ግን አትጣያቸው» አሉኝ።

እየሮጥኩ ደረስኩ። አንድ ወጣት ካራቢኒየሬና አለቃው ማሬሻሎ በረንዳው በር ላይ ቆመዋል። ሽታው አስቸገረኝ ብሎ ያመለከተ ጎረቤት አለ። ሲኞራ ከወንበራቸው ሳይነሱ ይሟገታሉ።

«ስንት ብተክል ነው የሚፈቀድልኝ?»

«ሕጉ ላይ ቁጥር የለም፣ ሲኞራ። ዳኛው ያየዋል።»

«ለውሻ እንኳ ደንብ አላችሁ! አሎራ፣ እንግዲያው ቀረጥ ጣሉብኝ! ወይኑን፣ ሲጋራውን ቀርጣችሁ ትሸጡልኝ የለ? ተክሉ ላይ ማኅተም ምቱና እከፍላለሁ!»

«እሱን ፓርላማው ይጨርስ፤ እኔ ያየሁትን እጽፋለሁ።»

በልቤ እውነታቸውን ነው አልኩ። እኛ አገር ጫቱ በጠራራ ፀሐይ ኬላ ላይ ተቀርጦ ያልፍ የለም እንዴ? ቃሚውም ነጋዴውም ይታወቃል። እኔን ደግሞ ካልቃምሽ ብሎ ያስገደደኝ የለም።

ማሬሻሎው ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ፣ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ሲኞራ ቀደሙኝ፤ «እሷ ምንም አታውቅም! ጉሎ ነው የሚመስላት!»

ማምለጫ ሰጡኝ። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሊታደስ ፖሊስ መምሪያው ኩዌስቱራ ገብቷል፤ አንድ «አላውቅም» ይበቃኝ ነበር። ግን ገና ከቅዳሴ መምጣቴ ነው። «አውቃለሁ፤ ውኃ የማጠጣውም እኔ ነኝ» አልኩት።

ወጣቱ «ማዶና!» ብሎ ግንባሩን ያዘ። ሲኞራ «አንቺ ቅድስት ሞኝ!» ብለው ሰደቡኝ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሱ።

ተክሉን ነቅለው በጥቁር ፌስታል ወሰዱት። ሲኞራ እንደገና ማቃሰት ጀምረዋል፤ እጃቸውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይዤላቸው እቀመጣለሁ። የያዝነው ጠበቃ፣ አቮካቶው፣ እንዲህ ይላል፤ «እሳቸው በሕመማቸው ይታለፉ ይሆናል። እኔን ያሳሰብሽኝ አንቺ ነሽ፤ የውጭ አገር ሰው ስለሆንሽ ለሽያጭ አስተከለቻቸው እንዳይሉሽ። ተክሉ ከአንቺ በፊት እንደነበረ የሚናገር ሰው አምጪ።»

ስለዚህ ከእኔ በፊት እዚያ ቤት የሠራችሁ እህቶቼ፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ወረቀት የሌላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ፍርሃታችሁን እኔም ፈርቼዋለሁ። ለእኔ ብላችሁ አትዋሹ። ያያችሁትን ብቻ ተናገሩልኝ፤ ተክሉ እንደነበረ፣ ሲኞራ ለምን እንደተከሉት፣ ሊገዛ በሩን ያንኳኳ ሰው እንዳልነበረ። መናገሩ ከከበዳችሁም እሺ፤ እኔ ኩዌስቱራ የተጠራሁ ቀን ግን አንዳችሁ ኑና ሲኞራ አጠገብ ተቀመጡ። ብቻቸውን ናቸው።