የአማቴ የአየር ጠመንጃ

አማቴን የተዋወቅኋቸው በመሣሪያ ነው። ያኔ ገና አማቴ አልሆኑም። ልጃቸው ዓለም ባንክ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ይዛኝ ስትሄድ ስለ ሥራዬና ስለ ወላጆቼ እጠየቃለሁ ብዬ መልስ አጥንቼ ነበር። እሳቸው ግን ጨበጡኝና በቀጥታ ወደ ጓሮ ወስደው አሮጌ የአየር ጠመንጃ አስያዙኝ። ሹፌር ሳሉ አንድ የውጭ አገር አሠሪያቸው ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶላቸው የሄደው ነው። አፈሙዙን ወደ ታች ሲሰብሩት ውስጡ ያለው ሞላ ይወጠራል፤ ከዚያ ትንሽ የእርሳስ ጥይት ይጎርሳል። የጭቃው ግድግዳ ላይ በክር የተንጠለጠለ የቢራ ቆርኪ አሳዩኝ።

"ምታው" አሉኝ።

ሰደፉን ትከሻዬ ውስጥ ቀብሬ፣ ሰው ሊነጥቀኝ የመጣ ይመስል አንቄ ይዤ ተኮስኩ። ጥይቱ ሄዶ የጎረቤትን አጥር ቆርቆሮ ቋ አደረገው። ከአጥሩ ማዶ የሴት ድምፅ፣ "ዛሬም እጮኛ መጣ እንዴ?" አለ።

ከእኔ በፊት ሌሎች እንደነበሩ የሰማሁት ያኔ ነው።

"ፈርተኸዋል" አሉ አማቴ።

"ኧረ አልፈራሁም ጋሼ።"

"ታዲያ ለምን ታንቀዋለህ? ይሄ እንደ ሌላው መሣሪያ አይደለም። ቃታውን ስትስብ፣ ጥይቱ ሳይወጣ ሞላው ይፈናጠራል፤ ጠመንጃው ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይዘላል። ተወው፣ ይዝለል። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርገህ ያዘው እንጂ አትከልክለው።"

ግራ መዳፌን ዘርግቼ ጠመንጃውን እንዳስተኛበት አደረጉኝ። ከተኮስኩ በኋላም ቆርኪውን እያየሁ እንድቆይ ነገሩኝ። "ቶሎ ቀና ብለህ የት እንደገባ አትፈልግ። ከገባ ገብቷል።"

በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከአየር ጤና ታክሲ እየተሳፈርኩ እሄድ ነበር። ልጃቸው በመስኮት እያየች ትስቃለች። ቆርኪውን የመታሁት ዕለት ዞሮ ዞሮ ክሩ ላይ ተጠመጠመ። አማቴ ጥቂት አዩትና፣ "ሽማግሌህን ላክ" ብለውኝ ምሳ ሊበሉ ገቡ።

ተጋባን፣ ወለድን። ተኩሱም አልቀረም። ከዓመታት በኋላ ግን የአማቴ ጥይቶች ከቆርኪው መራቅ ጀመሩ። መጀመሪያ ሞላው ደክሟል አሉ፤ አስቀየርነው። ቀጥሎ ጥፋቱ የጥይቱ ሆነ። ከዚያ ነፋሱ ነው አሉ፤ ነፋስ አልነበረም። አንድ እሁድ ጠመንጃውን አቀበሉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ቆርኪው አለ?" ብለው ጠየቁኝ።

"አለ ጋሼ።"

"እኔ አላየውም።"

በማግስቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሞራ ነው ተባለ። የቀዶ ሕክምናው ዕለት እስኪጠሩ ድረስ እጄን ይዘው ተቀመጡ። ያወራነው ስለ ቤንዚን ወረፋ ነው።

ፋሻው ሲነሳ ከሐኪሙ ቀጥሎ ያዩት እኔን ነበር። ቀረብ ብለው መረመሩኝ።

"ሸብተሃል" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ።"

"መቼ?"

"ቆየ እኮ።"

"ማንም አልነገረኝም" አሉና ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።