ጥቁሩ ፍሬ

«የቡናው አበባ ሌሊት የፈነዳ፣
እም… እም… እም… እንግዳ…»

ረቢያ ይህን ዜማ ስታንጎራጉር መካከሉ ሁልጊዜ ይጠፋባታል። እናቷ ከጅማ ወደ ሚዛን አዝላት ስትመጣ መንገድ ለመንገድ የዘፈነችላት ነው። ከእናቷ የቀራት ይኸው ብቻ ነው፤ እሱንም በጎዶሎው ይዛዋለች።

የዚያን ቀን ጠዋት ግን ጎዶሎነቱ አልከነከናትም። የዘጠኝ ዓመት ልጇን ላምያን የተቀቀለ ጎደሬ በሳፋ አሸክማ ወደ መናኸሪያ ስትልካት፣ «የዛሬን ብቻ፣ የኔ እናት» አለቻት። «ከተቀጠርኩ ሰኞ ትምህርት ቤት ነሽ።»

«ባትቀጠሪስ?»

የመናኸሪያ ልጅ ናት። «ቆይ፣ እመለሳለሁ» ብሎ አውቶቡስ ውስጥ የሚገባውን ሰው ስንቴ ቆማ ጠብቃዋለች!

ረቢያ ቁርስ አልቀመሰችም፤ «ስመለስ» አለች። እሷ ተቀምጣ ስትበላ ያያት ሰው የለም። ላምያ ያስተረፈችውን ምድጃው አጠገብ ቆማ ጎረስ፣ ከዚያ ሩጫ ነው።

ለዓመታት የሠራችው በአንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ቡና በመልቀም ነበር። ቡናው ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል፤ ዝናቡ ሲገባ ለቃሚዎቹ ይበተናሉ፤ ልጆቻቸውም ሳፋ ተሸክመው ወደ መንገድ ይወጣሉ። አሁን ከአማን ከተማ መውጫ ላይ የተከፈተው አዲሱ የቡና ፋብሪካ ግን የወር ደመወዝ አለው፣ ክረምት አይበትነውም ተባለ። ወሬውን ያመጣችላት ጎረቤቷ በየነች ናት፤ ለፈተናውም አብረው ሄዱ።

ፊታቸው ቡና ተዘረገፈ፤ ጥቁሩን፣ የነቀዘውን፣ የተሰበረውን ለቅሞ ማውጣት ነው። የረቢያ ጣቶች ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ወረዱበት።

«ኧረ ቀስ በይ!» አለች በየነች፤ «ዶሮ ብታይሽ ታፍራለች!»

ሴቶቹ ሳቁ። ቀጣሪው ፈንታውም ሳቁን መያዝ አቃተው። «እኅቴ፣ አንቺ ሰኞ ጠዋት ነይ» አላት።

ሰኞ! ረቢያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ ላምያ ገና አንድ ቀን እንኳ ያልለበሰችውን ዩኒፎርም እያሰበች ወደ በሩ ተራመደች። በሩ ላይ ፈታሿ ሴት የሻርፗን ጫፍ ዳሰሰች። እዚያች ጫፍ ላይ አንዲት ቋጠሮ ነበረች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ረቢያ ራሷ ፈገግ አለች። «ውዳቂው ነዋ፣ የኔ እህት፤ ጥቁሩ ፍሬ።»

በአሮጌው መጋዘን ጥቁሩ ፍሬ የለቃሚ ነበር። ማንም ስጡ ብሎ ያዘዘው፣ ማንም ተዉ ብሎ የከለከለው ነገር አልነበረም፤ እንዲሁ ሴቶቹ ሲነሱ እፍኝ ቋጥረው ይነሳሉ። ረቢያም ዛሬ መቼ እንደቋጠረችው አታውቅም። እጇ ነው የቋጠረው።

ፈንታው ተጠርቶ መጣ። ቋጠሮዋን አየ፣ ረቢያን አየ።

«እዚህ ውዳቂውም ተመዝኖ ነው የሚወጣው። የያዘ ሰው ሰርቋል ነው የሚባለው።»

«ወላሂ፣ ወንድሜ፣ አላወቅኩም። ልጅ አለችኝ… ልመልሰው፣ ይኸው!»

«እንዳላወቅሽ አምናለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን እኔ ማመኔን ማን ይሰማኛል? ሰኞ አትምጪ።»

በየነች ከኋላ «ኧረ በማርያም! የሚጣል ነገር እኮ ነው!» ብላ ጮኸች። በሩ ግን ተዘጋ።

ዝናቡ መንገድ ላይ ያዛት። ከየጓሮው የቡናው ቅጠል ሲያንሾካሹክ፣ የጠፋው ስንኝ ሳትጠራው መጣ።

«የቡናው አበባ ሌሊት የፈነዳ፣
ሳይበላ ይሄዳል እንደ ሩቅ እንግዳ።»

ምነው ባልመጣ! ስንት ዓመት ስትፈልገው ኖራ፣ አሁን አፏ ውስጥ መረራት።

ላምያ ቀድማት ገብታ ነበር። ዝናቡ መንገደኛውን በትኖባት፣ ጎደሬው ሳፋው ውስጥ እንዳለ ቀዝቅዟል። የእናቷን ፊት አየች።

«ሰኞም ጎደሬ እንቀቅላለን?»

«እንቀቅላለን።»

ልጅቱ ዩኒፎርሙን ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኗን ቶሎ መለሰች። የእንጨት ዱካዋን ጎተት አድርጋ አቀረበች። «ቁጭ በይ፣ እማ። ጠዋትም አልበላሽም።»

ረቢያ እንደ ልማዷ «ቆይ» ልትል አፏን ከፈተች። የምትቸኩልበት አጣች።

ተቀመጠች። አንድ ጎደሬ አነሳች፤ ልጣጩን በጥፍሯ ገፈፈች፤ ግማሹን ለላምያ ሰጥታ ግማሹን በላች።