በምሳ ዕቃው እጀታ ላይ የታሰረ ክር

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን ጫማ ነው። ከግድግዳው ሥር የሴት ነጠላ ጫማዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል። ለቅሶ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ባለጫማዎቹን አየኋቸው። ፍራሽ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠው ያዩኛል። ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን አለ። ከላይ ባለችው ትንሽ መስኮት የዝናብ ሽታ ይገባል። የዩኒፎርሜ ሹራብ ርሷል። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ማንም አልነገረኝም፤ ጫማዬን አወለቅኩና ከሰልፉ መጨረሻ አስቀመጥኩት።

"ከየት ነህ?" አሉኝ አንዲት ትልቅ ሴት።

እኔ ሴት ልጅ ነኝ፤ እሳቸው ግን ለሴቱም ለወንዱም "አንተ" ነው የሚሉት። ከጌሻ ገጠር ናቸው፤ አፋቸውን የፈቱት በካፊኖኖ ነው። አማርኛ የለመዱት ማረሚያ ቤት መሆኑን በኋላ ራሳቸው እየሳቁ ነገሩኝ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ "እትዬ" ይላቸዋል።

"ከሺሺንዳ ነኝ" አልኳቸው። "እዚህ ቦንጋ ቤት ተከራይቼ ነው የምማረው።"

"ታዲያ ጠያቂህ ማን ነው?"

የራሰ ሹራቤን እጅጌ መጭመቅ ጀመርኩ።

የተያዝነው ብዙ ተማሪዎች ሆነን ነው፤ ከሴት ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ መምህራችን ታስረው ነበር፤ ለምን ብለን ለመጠየቅ ወጣን። እኔ አስራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ሰልፍ እንኳን አይባልም፤ ዝናቡ አብዛኛውን ሰው በትኖት ነበር። እኔ ግን የጓደኛዬን ጃንጥላ ይዤ ስለነበር ሳልሮጥ ቀረሁ። ስልኬን ፖሊስ ጣቢያ ስንገባ ወሰዱት። እናቴ ስልክ የላትም፤ የምታገኘኝ በጎረቤት ስልክ ነው፣ እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ገበያ ስትወጣ። ስለዚህ በዓለም ላይ የት እንዳለሁ የሚያውቅ የእኔ ሰው አልነበረም።

ጣቢያ ያልገባ ሰው ላያውቅ ስለሚችል አንድ ነገር ላስረዳ። እዚያ ምግብ የሚመጣው ከቤት ነው። ጠያቂ ስንቅ ይዞ በሩ ላይ ይቆምና የእስረኛውን ስም ከነአባቱ ይናገራል። ፖሊሱ ክዳኑን ያስከፍትና "ቅመሺ" ይላል፤ ያመጣችው ሴት ፊቱ ትቀምሳለች። ከዚያ ስሙ ወደ ውስጥ ይጠራል፤ የተጠራው "አቤት" ብሎ ይወጣል። ጠያቂ የሌለውም ቢሆን አይራብም፤ የመጣው ሁሉ መሃል ይቀመጣል፣ ሁሉም ይበላል። ረሃብ አልነበረም ችግሬ። እኔን የበላኝ የስም ጥሪው ነው። ሁሉም ተጠርቶ ሲያልቅ የበሩ ድምፅ ዝም ይላል። እኔ ያን ዝምታ እየሰማሁ የሌላ ሰው ቆጮ እቆርሳለሁ።

መጀመሪያዎቹን ቀናት እንዲህ አለፍኩ። የእግር ኮቴ መለየት ጀመርኩ፤ ይሄ የፖሊሱ ነው፣ ይሄ የሴት ነው፣ ይሄ ጭቃ የረገጠ ነው እያልኩ። እትዬ ከጥግ ሆነው ያዩኛል። 

ከዚያ አንድ ቀን ስሜ ተጠራ። ከነአባቴ።

"አቤት" ለማለት ድምፄ አልወጣ አለ። እትዬ በክርናቸው ጎሰሙኝ፤ ተነሳሁ። ፖሊሱ አረንጓዴ ምሳ ዕቃ ሰጠኝ። ስከፍተው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና ጎመን ነው። እናቴ ከሺሺንዳ በመኪና ስትልክልኝ ልክ እንዲህ ነው የምትጠቀልለው፤ ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፋ። የካፋ እናት ሁሉ እንዲህ እንደምትጠቀልል በዚያች ሰዓት ትዝ አላለኝም።

"እናቴ መጥታለች!" አልኩ። "ማን ነግሯት ይሆን?"

ሴቶቹ እሰይ አሉኝ። አንዷ አቅፋ ሳመችኝ። እትዬ ብቻ የእግራቸውን ጣት እያዩ ቆጮ ያኝካሉ።

በልቼ ስጨርስ ምሳ ዕቃውን አጠብኩት። ጀሪካኑ የሚሞላው ጠዋት ብቻ ስለሆነ ለመጠጥ የሚደርሰን በኩባያ ነው። እኔ የድርሻዬን ሳልጠጣ አጠብኩበት፤ እናቴ ያልታጠበ ዕቃ ሲመለስላት አትወድም። ደብዳቤ መላክ ክልክል ነው። ስለዚህ ከሻርፔ ጫፍ ቀይ ክር መዘዝኩና እጀታው ላይ አሰርኩት። ሻርፑን የገዛችልኝ እሷ ስለሆነች ታውቀዋለች። አለሁ ማለቴ ነው። በማግስቱም ስሜ ተጠራ፤ ክሩ እንደታሰረ ተመልሶ መጣ። እሷም አለሁ ያለችኝ መሰለኝ። ያን ቀን እናቴ ዝናብ ላይ ቆማ እንዳይሆን ብቻ ነበር ጭንቀቴ።

በሦስተኛው ቀን መጀመሪያ የተጠሩት እትዬ ናቸው። ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ተመለሱና መሃል አስቀመጡት። አረንጓዴ ነው፤ እስከዚያ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። እጀታው ላይ ቀይ ክር አለ።

ወዲያው ደግሞ እኔ ተጠራሁ። የተሰጠኝ ሌላ ነው፤ እሱም አረንጓዴ፣ ክር የለውም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። መንታ ናቸው። ከአንድ ቤት የወጡ፣ አንድ እጅ የሞላቸው፣ ዛሬ ብቻ በስህተት የተቀያየሩ።

ሴቶቹ መቁረሳቸውን አቆሙ። ለካ ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቁ ነበር።

"እትዬ" አልኩ፣ "እናቴ አልመጣችም አይደል?"

ቆጮ መቁረሳቸውን አላቆሙም። "አልመጣችም።"

"ታዲያ ለምን ዋሹኝ?"

"እኔ ምን አልኩህ? እናቴ ናት ያልከው አንተ ነህ።"

እውነታቸውን ነው። አንዷ ሴት ሳቋ አመለጣት፤ አፏን ያዘች። እኔ ግን ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እንደዚያ ቀን ብቸኛ ሆኜ አላውቅም። ስሜ ሳይጠራ ከዋለባቸው ቀናት ሁሉ ያ ባሰ፤ አለ ያልኩት ሰው ድንገት ስላልነበረ።

እትዬ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው እንደሚያወሩ ሆነው ቀስ ብለው ነገሩኝ። ከዚህ በፊት ታስረው ፍርዳቸውን ጨርሰዋል። በታሰሩበት ጊዜ ሁሉ ማንም አልጠየቃቸውም፤ አገራቸው ሩቅ ነው፣ የቀረበው ዘመድም አፍሮባቸው ቀረ። የተፈቱ ቀን ከበሩ ወጡ። መንገዱ ላይ ሰው ይሄዳል፣ ባጃጅ ያልፋል፣ የሚያያቸው የለም። መናኸሪያው በየት በኩል እንደሆነ እንኳን ጠፋባቸው። እዚያው በሩ ሥር ለረጅም ጊዜ ቆሙ።

"ተመልሼ ልግባ ብዬ አሰብኩ" አሉኝ። "ውስጥ የሚያውቁኝ አሉ። ውጭ ማን ያውቀኛል?"

መንደራቸው ሲመለሱ ደግሞ ነገር በተፈጠረ ቁጥር መጀመሪያ የሚነሳው የእሳቸው ስም ሆነ። የጎረቤት ጎጆ ተቃጠለ፤ እሳቸውን አመጧቸው። አሁን የተያዙት በዚህ ነው። አንድ የተሻለ ነገር ግን አገኙ፤ የእህታቸው ልጅ ቦንጋ መጥታ ገበያ ላይ ኮረሪማ ትሸጣለች። ስንቅ የምታመጣው እሷ ናት። ፖሊሱን ለምነው ነው ለሁለት ከፍላ በሁለት ስም እንድታስጠራ ያስደረጉት።

"ስምህ ሳይጠራ እንዳይመሽብህ ብዬ ነው" አሉ። "በል ና፣ ብላ።"

በላሁ። ምሳ ዕቃውንም አጠብኩት። በማግስቱ ስሜ ሲጠራ ማን እንደላከልኝ እያወቅኩ "አቤት" ብዬ ተነሳሁ። ድምፄ ጥሩ ነበር።

ከዚያ ተማሪዎች በዋስ ይውጡ ተባለ። የጓደኞቼ አባቶች እየመጡ እየፈረሙ ወሰዷቸው። እኔ ቀረሁ። አከራዬ ነገር እንዳይነካቸው ፈርተው ነው መሰለኝ አልመጡም፤ አልፈርድባቸውም። በመጨረሻ አንዲት ቀጭን ልጅ እግር ሴት የቀበሌ መታወቂያዋን ይዛ መጣች። እጇ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል። ለማታውቀኝ ለእኔ ፈረመች።

ከበሩ እንደወጣን "ባለ ክሯ አንቺ ነሽ?" አለችኝ።

"አዎ። ግን ለምን አልፈታሽውም?"

"መድኃኒት መስሎኝ ፈራሁ" አለች። ጭቃው መሃል ቆመን ሳቅን። ከዚያ እኔ አለቀስኩ፤ እሷ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

በማግስቱ በተከራየሁበት ክፍል የድንች ወጥ ሠራሁና ጣቢያ ሄድኩ።

"የማን ነው?" አለ ፖሊሱ።

"የእትዬ።"

"እትዬ ማን? ውስጥ ያለችው ሴት ሁሉ እትዬ ናት።"

ደነገጥኩ። ያን ሁሉ ቀን አብሬያቸው ስተኛ ስሜን ያስጠሩልኝን ሴት ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም ነበር፤ ሲጠሩም ጆሮዬ የእኔን ብቻ ነበር የሚጠብቀው። የእህታቸው ልጅ እስክትመጣ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ነገረችኝ። ስማቸውን ከነአባታቸው ለፖሊሱ ነገርኩት።

"ቅመሺ" አለኝ።

ቀመስኩ። ጨው በዝቶበታል። ስማቸው ወደ ውስጥ ተጠራ፤ የእሳቸው "አቤት" ከውጭ ተሰማኝ። ከውስጥ ሆኖ ከመስማት ይለያል። እትዬ የተፈቱ ቀን እኔና የእህታቸው ልጅ በሩ ላይ ነበርን፤ ስለ ጨዉም ሳይነግሩኝ አላለፉም።

ይህን የምጽፈው ታስረን የነበርን ሰዎች እዚሁ ቦንጋ በቅርቡ ስብሰባ ስለተጠራን ነው። ከፈተና ወረቀት በቀር ይህን ያህል ረጅም ነገር ጽፌ አላውቅም። ነገሩ ደስ የሚል ባይሆንም መጻፉ ግን እንዴት ደስ እንደሚል! ስብሰባውን የጠራው መሥሪያ ቤት እቅድ እያዘጋጀ ነው፤ በትንሽ ነገር የተያዙ ወጣቶች ጣቢያ ከማደር ይልቅ ወደ ቤተሰብና ወደ ትምህርት ቤት የሚመለሱበትን፣ ተፈትተው የሚወጡትም የሚረዱበትን። ባለሙያው ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ረቂቁን አነበበልን፤ ስልጠና አለ፣ የምክር አገልግሎት አለ። ከዚያ ወረቀቱን አስቀመጠና "እኔ ታስሬ አላውቅም። የጎደለውን እናንተ ንገሩኝ" አለ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለን ሰው አልነበረም። 

እትዬ እጃቸውን አወጡ። "ሰው ሲወጣ በሩ ላይ ማን ይቆማል?"

ባለሙያው ደጋግሞ ጠየቃቸው፣ እሳቸውም ካፊኖኖ እየቀላቀሉ አስረዱት። ሲደክማቸው ወደ እኔ ዞረው "አንተ ተናገር" አሉኝ። ተነሳሁ። ተማሪ ሲያዝ ትምህርት ቤቱ ዋስ ቢሆነው ኖሮ እዚያ ባላደርኩ አልኩ። ስለ ምሳ ዕቃውም ነገርኳቸው።  ባለሙያው እስክሪብቶውን ሰጠኝና በራስሽ ቃል ጻፊው አለኝ።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ጠያቂ የሌለው ሰው ስሙን በሩ ላይ የሚያስጠራ ሰው ይመደብለት፤ ሲወጣም ያው ሰው ይጠብቀው።"

"የቢሮ አማርኛ አይመስልም" አለ ፈገግ ብሎ። ቢሆንም አላስተካከለውም። "ግን ማን ይሄዳል?"

እትዬ አዩኝ።

እቅዱ እስካሁን አልጸደቀም፤ በጀት ይጠበቃል ይባላል። እኛ ግን እየሄድን ነው፤ እትዬ፣ የእህታቸው ልጅና እኔ፣ በየተራ። ባለፈው ቅዳሜ የእኔ ተራ ነበር። ከደካ የመጣች፣ ማንም የሌላት ልጅ አለች ተባልኩ። አይቻት አላውቅም። ስሟን ብቻ ከነአባቷ ሸምድጄ፣ አረንጓዴውን ምሳ ዕቃ ይዤ በዝናብ ሄድኩ።

"ምኗ ነሽ?" አለኝ ፖሊሱ።

"ጠያቂዋ።"

ቀመስኩ። ስሟ ተጠራ። መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ከዚያ በጣም ቀጭን "አቤት" መጣ።

ከበሩ ማዶ ቆሜ ዕቃው እስኪመለስ ጠበቅኩ። ማን ናት ብላ ታስብ ይሆን? ምናልባት እናቴ ናት ብላ ይሆናል። ፖሊሱ ምሳ ዕቃውን መለሰልኝ። ቀለለኝ። ክዳኑን ከፈትኩት።

ታጥቧል። እዚያ ውስጥ ውሃ በኩባያ እንደሆነ አውቃለሁ።