ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያሉት አርባ ማሰሮዎች

በችግኝ ጣቢያው የሚሠሩት ሁሉ ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፤ ዞር ስትል ደግሞ «ሬት»። ስሙን ታውቀዋለች፤ አልጠላችውም። ሬት መድኃኒት ነው፣ ጣፋጭ ሆኖ የሚያድን ነገር አይታ አታውቅም። ጥፍሯ ሥር ያለው ጥቁር መስመር በሳሙና አይለቅም። ሰው ሲያናግራት መጀመሪያ የምታየው ጫማውን ነው፤ አፈር ያልነካው ጫማ ያደረገ ሰው ስለ ተክል ሲያወራ እያዛጋች ትሰማዋለች።

የአለቃዋ ጫማ አፈር ነክቶ አያውቅም። ስሙን ከረባት ያለችው እሷ ናት። ወደ ችግኝ ጣቢያው ከመዛወሩ በፊት የወንበርና የጠረጴዛ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር፤ ተክሉንም የሚያየው እንደ ወንበር ነው። ቁመቱ እኩል ይሁን፣ በመስመር ይደርደር፣ አቧራው ይራገፍ፤ በቃ፣ ከዚህ ያለፈ እውቀት የለውም። በዐሥር ዓመት የምትበልጠውን ሴት «አንቺ» ይላታል፤ እሷ «እርስዎ» ትለዋለች፣ አባባሏ ግን ከስድብ አይሻልም።

ብሉቤሪ የሚባሉት፣ ሰማያዊ ፍሬ የሚያፈሩት የፈረንጅ ቁጥቋጦዎች የሬት ነበሩ፤ ማለትም የመንግሥት ነበሩ፣ የደከመችባቸው ግን እሷ ናት። ከአንዲት ታማሚ እናት ተክል ቅርንጫፍ እየቆረጠች መቶ ሃያ አጸደቀች፣ እያንዳንዱንም በሸክላ ማሰሮ ተከለች። እናቲቱ ባለፈው በጋ ደርቃለች። እነዚህ መቶ ሃያዎቹ ካለቁ ሌላ የሚቆረጥበት የለም።

ብሉቤሪ ቀበጥ ነው። ሌላው ተክል የሚወደውን አፈር ይጠላል፤ ኮምጣጣ አፈር ካላገኘ አኩርፎ ይሞታል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራውን የቧንቧ ውሃ ካጠጡት ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ሬት የጥድ ቅጠል እየለቀመች ከአፈሩ ጋር ታብላላለች፣ የዝናብ ውሃም በበርሜል ታጠራቅማለች። ከጣሪያው ወደ በርሜሉ የሚወርደውን ቱቦ ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ የሠራላት ጎሚስታው ባሏ ነው። ሲሠራም አጉረምርሟል።

«ለባልሽ የታጠበ ሸሚዝ የለም፣ ለቅጠል የሰማይ ውሃ ትለቅሚያለሽ» አላት።

«ቅጠሉ አያጉረመርምማ» አለችው።

በሁለተኛው ዓመት ችግኞቹ አበባ አወጡ። ሬት ተቀምጣ አበባውን አንድ በአንድ መቀንጠስ ጀመረች። በልጅነቱ ያፈራ ተክል ጉልበቱን ለፍሬ ሰጥቶ ሥሩ ባዶ ይቀራል፤ ወገቡ ሳይጠና ያረጃል። አርባ ማሰሮ እንደጨረሰች ንጹሕ ጫማ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አበባ እየቀነጠስኩ። ዘንድሮ ሥር ይስደድ፤ ፍሬው ለከርሞ ይደርሳል።»

«ጣቢያውን የሚጎበኙት እንግዶች የሚመጡት ሐሙስ ነው እንጂ ለከርሞ አይደለም» አለ ከረባት። «ያበቡት ሰማንያዎቹ በሩ ላይ ይደርደሩ። እነዚህን የተላጩትን ሰው ከማያይበት ከሽንት ቤቱ ጀርባ ወስደሽ ደብቂልኝ፣ ያስጠላሉ። ማሰሮዎቹ ደግሞ ኖራ ይቀባሉ።»

ኖራ የሚቀባው ማሰሮ ብቻ አልነበረም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ድንጋዩም፣ የዛፉ ግንድም፣ የበሩ ምሰሶም ይቀባ ነበር፤ ዘበኛው ቆሞ ከዋለ እሱም መቀባቱ አይቀርም ይባላል።

«ኖራ ይህን ተክል ይገድለዋል» አለች ሬት። «ሸክላው ይመጠዋል፣ አፈሩ ውስጥ ገብቶ ኮምጣጣነቱን ያጠፋዋል።»

«ኖራ ንጽሕና ነው» አላት። «ያንቺ ሥራ ማጠጣት ነው።»

አርባዎቹን ተሸክማ ስትመላለስ ዋለች። ስትመለስ ሰማንያዎቹ እንደ ጥርስ ነጭ ሆነው ተሰልፈዋል፤ ቀቢዎቹም ብሩሻቸውን በዝናብ ውሃ በርሜሏ ውስጥ እያለቀለቁ ነበር። በርሜሉን ገልብጣ ደፋችው፣ ግን ሰማንያዎቹ ከሱ ጠጥተው ነበር።

እንግዶቹ መጡ፣ ፎቶ ተነሱ፣ በግማሽ ሰዓት ሄዱ። በወሩ ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ። ከረባት ተባይ ነው ብሎ መድኃኒት አስረጨ፤ ከዚያ ራብ ነው ብሎ ማዳበሪያ አስጨመረ፤ ከዚያ ፀሐይ ነው ብሎ ዳስ አስጣለ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይኸው ነው። በሁለተኛው ወር ሰማንያዎቹም የመጥረጊያ ጭራሮ መሰሉ፤ እሱም በሪፖርቱ ላይ «በአየር ጠባይ ምክንያት» ብሎ ጻፈ። ሬት ሥራቸውን እየነቀለች ቀበረቻቸው። አለቀሰች፤ ያለቀሰችው ግን ከኀዘኑ ይልቅ በንዴት ነው።

በዓመቱ እነዚያው እንግዶች ብሉቤሪዎቹን ደግመን እንይ ብለው ላኩ። ከረባት ሲራወጥ ዋለ። በመጨረሻ ዘበኛው በአገጩ ወደ ሽንት ቤቱ ጠቆመው፤ መሃረብ አፍንጫው ላይ ይዞ ሄደ። አርባዎቹ እዚያው ናቸው። ከሽንት ቤቱ ጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ እየጠጡ ከጉልበት በላይ አድገዋል፤ ሥራቸው ጸንቷል ብላ ሬት ዘንድሮ ያልነካችው አበባ ቅርንጫፉን ሸፍኖታል። ሬት ጫማውን አየች። ለመጀመሪያ ጊዜ የነካው ነገር አለ፤ አፈር ግን አልነበረም።

«ደብቀሻቸው ነበር?» አላት።

«ደብቂ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ያስጠላሉ ብለው።»

ከረባት ሳል ያዘው። «መልካም፣ ነገ በሩ ላይ ይደርደሩ። ማሰሮዎቹ ግን ቆሽሸዋል፤ ዛሬውኑ ኖራ ይቀቡ።»

«ኖራ የለም።»

«አምና የተረፈ ሦስት ጆንያ ነበር እኮ።»

«ሰማንያዎቹን የቀበርኩ ዕለት ጉድጓዱ ውስጥ ጨመርኩት» አለችና የሽንት ቤቱን በር አሳየችው። «ለሽታ ጥሩ ነው። መሃረቡን ያውርዱትና ይሞክሩት። ተክሎቹን ግን አላንቀሳቅስም፤ ማየት የፈለገ እዚህ ይምጣ።»

በማግስቱ እንግዶቹ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ተሰልፈው ቆሙ። አንዲት ሴትዮ አበባውን በአድናቆት እያየች «እንዲህ ያለ ተክል እዚህ ቦታ ማን አስቀመጠው?» ብላ ጠየቀች። ከረባት መሬት መሬት አየ።

«ይንገሯቸው እንጂ» አለች ሬት። «ያስቀመጡት እርስዎ አይደሉም?»