የሦስት ሰው መስመር

ሸዋዬ በኮሌጁ መዝገብ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ አንድም ሰነድ ሳይጣራ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ባሏ አዘዘ የዚያው ኮሌጅ መምህር ነበር። በሞተ በሳምንቱ ስሙን ከሠራተኞች መዝገብ የሠረዘችው ራሷ ናት። አማቷ እመት የሺአረግ ይህን ሲሰሙ፣ «እጇ እንኳ አልተንቀጠቀጠም አሉ» እያሉ ለለቀስተኛው ሁሉ ተናገሩባት።

ጠዋት ጠዋት የዓባይ ማዶ መኪና ወደ ድልድዩ የሚወርደው በሁለት መስመር ነው። ቤንዚን ከጠፋ ወዲህ፣ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ የቀኙ መስመር ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ለያዘ ብቻ ተባለ። ደንቡ በቀበሌው ስብሰባ ሲመከርበት፣ «መንገድ ዳር ቆሜ ቆጠርሁ፤ ከመቶ መኪና ስልሳ አንዱ ሾፌሩን ብቻ ነው የያዘ። ሙሉ ሰው የጫነው ታክሲ ከኋላቸው ይጉላላል» ብላ ስብሰባውን የረታች ሸዋዬ ነበረች። ደሞዝ የሚባለው የመንገዱ ተቆጣጣሪ፣ «የታመመስ? ሐዘን የገጠመውስ?» ቢላት፣ «ሰው ይቆጠራል፤ ምክንያት አይቆጠርም» አለችው።

ዛሬ የአዘዘ አርባ ነው። ፍትሐቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይጀመራል፤ አንድ ተኩል አልፏል። ሸዋዬ የአዘዘን መኪና ይዛ የቆመችበት የግራው ሰልፍ ንቅንቅ አይልም።

«በቀኙ ግቢ እንጂ!» አሉ ከጎኗ የተቀመጡት እመት የሺአረግ። «ልጄን በሰልፍ ልትሸኚው ነው?»

ሸዋዬ ሳታስበው መሪውን አዞረች። ደሞዝ እጁን ዘርግቶ አስቆማት።

«ስንት ናችሁ?»

«ሁለት።»

«እትዬ ሸዋዬ፣ ምክንያት አይቆጠርም ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«ሦስት ነን!» ሲሉ ጮኹ አሮጊቷ። «አርባው ሳይወጣ ልጄን ማን ሸኘው? ከእኛ ጋር ነው፤ በል ቁጠረው!»

ደሞዝ ባዶውን የኋላ ወንበር አየ። ቆቡን አወለቀና ደብተሩን አወጣ። «ይለፉ እማማ። ሦስት ብዬ እጽፋለሁ።»

«እንዳትጽፍ!» አለች ሸዋዬ። «የሌለ ሰው አይጻፍም።»

እመት የሺአረግ ዞረው ትክ ብለው አዩዋት። «ከመዝገቡ ሠረዝሽው፤ አሁን ደግሞ ከገዛ መኪናው። የወለድሁት ግን እኔ ነኝ፤ ከእኔ አትሠርዢውም።»

በሩን ከፍተው ወረዱ። ነጠላቸውን ሰብስበው፣ በዘንጋቸው እየተደገፉ ድልድዩን በእግራቸው ጀመሩት።

ሸዋዬ ወደ ግራው ሰልፍ ተመለሰች። ደሞዝ በመስኮቷ በኩል ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ፣ «አሁንማ አንድ ሆኑ» አላት።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስትደርስ ሰው እየወጣ ነበር። እመት የሺአረግ ከቅጥሩ ሥር አቧራ የጠጣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«ስሙ ተጠራ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ካህናቱ ሚስቱስ ቢሉኝ፣ የለችም አልኋቸው።»

ትክክል ስለ ነበር ሸዋዬ አልተከራከረችም።